ጥሬ ቆዳና ጥሬ አመድ

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ብራና ፍቀው ዳዊት ሲጽፉ የሸበቱ የዲማ ሊቅ ናቸው። እርሳቸውን የማያከብር የለም፤ የቆዳ መዘፍዘፊያ ጉድጓዳቸውን ሽታ ግን የሚወድላቸው አልተገኘም። የፍየል ቆዳ የሚዘፈዝፉበት ውሃ በቦይ ቁልቁል ወርዶ የወይዘሮ ጤናዬ ከብቶች ከሚጠጡበት ምንጭ ይገባ ነበርና፣ በወይዘሮዋ አቤቱታ የመንደሩ ሽማግሌዎች «ወይ ውሃውን ያጽዱ፣ ወይ ቆዳውን ይተዉ» ሲሉ ቁርጡን ነገሯቸው። የጀመሩት ዳዊት ገና እኩሌታው አልደረሰም።

አንድ ጠዋት ባዶ ቅርጫት ይዘው ከቦዩ ሲመለሱ፣ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከምትማረው ከመንደራቸው ልጅ ከወንጌላዊት ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ።

«እንደምን አደሩ የኔታ? ምነው ፊትዎ ጠቆረ?»

«እንዴት አይጠቁር! ባለፈው ፋሲካ 'አመድ ቆሻሻ ውሃ ያጠራል' ብለሽኝ አልነበር? ከምድጃዬ ዝቄ ቦዩ ላይ ደፋሁት። ውሃው እንደ ሳሙና አሟለጨ፤ የጤናዬ ጊደርም አሽትታ ትታው ሄደች። ይኸው ነው የእናንተ ትምህርት?»

ወንጌላዊት ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። ሽማግሌው ግን የሳቅ ወግ አልነበራቸውም፤ ሥራቸው ከእጃቸው ሊወጣ ነው።

«ነገሩን በቅጡ ሳላስረዳዎ ሄጄ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ፍየሉ እንደታረደ ቆዳው ላይ ይጽፋሉ?»

«ምን ነካሽ! ይዘፈዘፋል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ፀሐይ ይመታዋል እንጂ! ጥሬ ቆዳማ ይሸታል፤ ቀለምም አይዝ።»

«አመዱም እንደዚያው ነው። የጤፍ ገለባ አመድ፣ ጉንደ ወይን ከተማ ካለው ጡብ ማቃጠያ ከሚጣለው አመድ ጋር ቀላቅለን ደጋግመን እናጥበዋለን፤ የሚያሟልጨው ይወጣለታል። ከሸክላ አፈር ጋር ለውሰን፣ እንደ ሽምብራ አድበልብለን በእሳት እንተኩሰዋለን። ያን ጊዜ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆንና ሽታውንና ጉድፉን ይይዛል።»

መሪጌታን በሌላ ሰው ሙያ ቢመክሯቸው ኖሮ እስከ ማታ ይሟገቱ ነበር፤ በገዛ ሙያቸው ስትመክራቸው ግን ቅርጫቱን መሬት አስቀመጡ።

«አመድ የንስሐ ነው ስል ኖሬ…» አሉ። «ይሁን፣ እንሞክረው። እምቢ ካለ ግን ብዕሬን ሰቅዬ እቀመጣለሁ።»

አጠቡ፣ አድበለበሉ፣ ተኮሱ። ከሥሩ የተበሳ ጋን ውስጥ ጠጠር፣ አሸዋ፣ በላዩም የአመዱን እንክብል ደለደሉ። ጥቁር ሆኖ የገባው የጉድጓዱ ውሃ ጥቁረቱ ፈዘዝ ብሎ ወጣ፤ ሽታውም ከጋኑ አላለፈም። ጊደሯ ጎንበስ ብላ ከምንጩ ስትጠጣ ወይዘሮ ጤናዬ እልል አሉ።

«ለሰው መጠጥ አይሆንም» አለች ወንጌላዊት፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «እንክብሉም ሲጠግብ መለወጥ አለበት። ግን ምንጩ ይድናል፣ ጓሮው ውሃ ያገኛል፣ ነፋስ ዓይናችን ውስጥ ሲበትነው የኖረው አመድም ሥራ ያገኛል።»

በማግስቱ ማለዳ፣ አቤት ብለውባቸው የነበሩት ወይዘሮ ጤናዬ ቅርጫት ተሸክመው የመሪጌታን ደጅ አንኳኩ።

«የኔታ፣ የምድጃዬን አመድ አምጥቼልዎታለሁ። ዳዊቱን ይጨርሱት፤ ሲጨርሱም በጸሎትዎ ያስቡኝ።»

መሪጌታ እንባቸው መጣ። ቅርጫቱን ተቀብለው እንደ መምህርነታቸው ድምፃቸውን ጠረግ አደረጉ።

«ግቢ፣ አብረን እንጠበው። ጥሬውን እንዳትደፊው ብቻ!»