ጆንያ ተሸክሞ የቆመ ሰው

በ1995 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጅጋ በገበያተኛ ተጥለቅልቃለች። አቶ ይርሳው ያስፈጩትን በቆሎ በጆንያ ይዘው ከወፍጮ ቤት ደጅ ጋሪ ሲጠብቁ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጃቸው እንቁ መጽሐፏን ታቅፋ ድንገት ብቅ አለች። የቤት ሥራ ስትሠራ የዋለችው ከጓደኛዋ ዘንድ ነበር። አባት ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው ፈካ፤ ምን ያደርጋል፣ ደስታው አልቆየም እንጂ!

«እስቲ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ፊዚክስ ነው አባየ። ‹አንድ ሰው ሃምሳ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ ለአንድ ሰዓት ቢቆም፣ የሠራው ሥራ ስንት ነው?› ይላል።»

«ስንት አልሽ ታዲያ?»

«ዜሮ።»

አቶ ይርሳው ጋሬጣ እንደ ወጋው ሰው ዘለሉ። «ዜሮ? ዕድሜ ልኬን ስሸከም ትከሻዬ የተላጠው፣ ወገቤ የተቆረጠው በዜሮ ነው? እንዲህ ያለ ትምህርት በአፍንጫዬ ይውጣ! ከሰኞ ጀምሮ ቤት ትውያለሽ።»

እንቁ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የዘንድሮን ፈተና አልፋ ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ስንት አልማ ነበር! አባትም ወዲያው ተጸጸቱ፤ ነገር ግን በሰው ፊት የተናገሩትን ማጠፍ ከበዳቸው።

«አባየ፣ አንዲት ነገር ልናገር?»

«ተናገሪ፤ ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል።»

«እርስዎ ቅኔ ቤት ሳሉ አንዱን ቃል ሁለት አድርገው ይፈቱ አልነበር?»

«ሰምና ወርቅ ነዋ! ቅኔንና ጆንያን ምን አገናኛቸው?»

«‹ሥራ›ም እንደዚያው ነው። ሰሙ የእርስዎ ድካም ነው፤ እሱን ማንም አይክድም። ወርቁ ግን ‹ሸክሙ ወደ ተገፋበት ምን ያህል ተጓዘ?› የሚለው ነው። ቆመው ከሆነ ጆንያው ስንዝር እንኳ ከፍ አላለም። ድካም አለ፤ መጽሐፉ የሚለው ሥራ ግን የለም።»

አቶ ይርሳው የቅኔ ቤት ዘመናቸው ትዝ አላቸው። ሰሙን ይዞ ወርቁን የሳተ ተማሪ እንዴት እንደሚሳቅበት ያውቃሉ፤ ዛሬ የሳቱት ራሳቸው ናቸው! ሳቃቸው ቢመጣም ዋጥ አደረጉት።

«ይሁን። ይህ ለእኔ ወገብ ምን ይፈይዳል?»

ይህን ሲሉ ጋሪው ደረሰ። እንደ ልማዳቸው ጆንያውን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ፤ በእነሱ ቀዬ ወንድ ጭነት በትከሻው ተሸክሞ ካልጫነ ጎበዝ አይባልም። እንቁ ቀድማ ግድግዳው ሥር የነበረ ረጅም ሳንቃ አመጣችና ከጋሪው ላይ አስደገፈችው።

«ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው። ቀጥ አድርገው ቢያነሡት መንገዱ አጭር ነው፤ የሚያወጡት ኃይል ግን ብዙ። በሳንቃው ቢገፉት መንገዱ ይረዝማል፤ ኃይሉ ይቀንስልዎታል።»

«ኧረ ሰው ምን ይለኛል?»

«ወገቡን አተረፈ ይልዎታል።»

ገፉት። ጆንያው እየተንሸራተተ ሽቅብ ወጣ፤ ወገባቸውም አላመማቸው። «እሰይ የኔ ልጅ!» ብለው በገበያው መካከል ሳቃቸውን ለቀቁት። አጠገባቸው ጭነት ይጭኑ የነበሩ ገበሬዎችም ሳንቃውን ተቀባበሉት።

ስንቱ ወላጅ ነው «ስንት አገኘሽ?» ብሎ «እንዴት አገኘሽው?» ሳይል የሚቀር! መልሱ ለፈተና ይጠቅማል። አሠራሩን የያዘ ልጅ ግን ቤተሰቡን ከከንቱ ልፋት ያወጣል፤ አባትና ልጅንም ያቀራርባል።

«ፍኖተ ሰላም የምትከራዪውን ቤት እኔው እፈልግልሻለሁ» አሉ አቶ ይርሳው ጋሪው ላይ እንደ ተቀመጡ። «አሁን ሦስተኛውን ጥያቄ አንብቢልኝ። ቆይ፣ መልሱን እንዳትነግሪኝ!»