የሰማዩ ሣጥን አውጫጭኝ

(በአንድ የገጠር ቀበሌ፤ ስለ በራሪ ሳህንና መንግሥት ደበቀው ስለሚባለው ምስጢር ዘጋቢ ፊልም የምትሠራው ኤፍራታ፣ ካሜራዋን ተክላ ከሽማግሌው ከአቶ ይመኑ ጋር ደጃፋቸው ላይ ትከራከራለች።)

ኤፍራታ፦ አባባ፣ «ፊኛ» አይበሉ። «ምንነቱ ያልታወቀ ነገር» ይበሉ ነው ያልኩዎት።

ይመኑ፦ ታውቋል እኮ። ፈረንጆቹ ሊፈልጉት መጥተው በአስተርጓሚ ነገሩን። የነፋስ መለኪያ ፊኛ ነው፤ ከሥሩ ጃንጥላና የብረት ሣጥን አለው አሉ።

ኤፍራታ፦ መንግሥት እንዲያ በሉ ብሏቸው ቢሆንስ? በየአገሩ የሚሉት ፊኛ ነው።

ይመኑ፦ በየአገሩ ፊኛ ወድቆ ይሆናላ።

ኤፍራታ፦ ሲያብረቀርቅ ያዩ ሰዎች አሉ።

ይመኑ፦ ቀትር ላይ ነው የወደቀው። ቀትር ላይ የእኔም መላጣ ያብረቀርቃል።

ኤፍራታ፦ ከውስጡ የወጣ ነገር አልነበረም?

ይመኑ፦ ቄሱ ሲያማትቡበት ዋሉ። ምንም አልወጣ።

ኤፍራታ፦ እሺ፣ መንግሥት እንዴት እንደደበቀው ይንገሩኝ።

ይመኑ፦ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። አንቺ በአንድ ፊልም ሰማዩንም ልታርሺ፣ ንጉሡንም ልትከሺ መጣሽ። የተስማማነው ግን ስለ ባየህ እንድናገር ነው።

ኤፍራታ፦ የቀጥቃጩን ነገር መጨረሻ ላይ እናስገባዋለን። ጊዜ ከተረፈ።

ይመኑ፦ ልጁ አትጠገብ እስከ ዛሬ የሌባ ልጅ ትባላለች። የአባቷ ስም ካልጠራ እኔ የምናገረው የለኝም።

ኤፍራታ፦ ይሁን። መንግሥትስ ምን አደረገ?

ይመኑ፦ የወረዳው ገዥ አውጫጭኝ ጠራ። አገሬውን ሁሉ አንድ በረት ውስጥ አጎረው። ሣጥኑን የወሰደው እስኪጠቆም ማንም ቤቱ አይገባም አለ። ሦስት ቀን ሽንብራ ስንቆረጥም ሰነበትን።

ኤፍራታ፦ አዩ፤ አፋችሁን አስያዛችሁ።

ይመኑ፦ ተናገሩ እያለ ነው የገረፈን ልጄ። የደበቅነው እኛ ነን።

ኤፍራታ፦ እናንተ? ከመንግሥት?

ይመኑ፦ ጃንጥላው ሐር ይመስላል። ከሰማይ የተላከ ነው ብለን ለማርያም መጋረጃ አደረግነው። ከተባረከ ወዲያ ማን ያውርደው? ሣጥኑን ገደል ሰደድነው።

ኤፍራታ፦ ይህን ማን ያይልኛል? ሰው የሚፈልገው ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር ነው።

ይመኑ፦ እሱማ ነበረን። ባየህ ይባላል። ማረሻችንን ይሠራል፤ ከማዕዳችን አይቀርብም። በዓይኑ ሰው ይበላል እንል ነበር። ሲበላ ያየው የለም፤ ስለ በራሪ ሳህንሽ እንደሚያወሩት ነው።

ኤፍራታ፦ ከዚያስ?

ይመኑ፦ በሦስተኛው ቀን፣ ብረት ከቀጥቃጭ በቀር ማን ይሰርቃል ተባለ። ወሰዱት። እስር ቤት ሞተ። መጋረጃው ግን አምሮበት ተሰቅሎ ነበር።

ኤፍራታ፦ ሣጥኑ የት እንደገባ እያወቃችሁ?

ይመኑ፦ ሁላችንም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ሃምሳ ዓመት አለፈው፤ ካልተናገሩት የሚጠራ አይመስለኝም።

ኤፍራታ፦ የባየህን ስም ማን ጠቆመ?

ይመኑ፦ በአውጫጭኝ ጠቋሚው በምስጢር ነው የሚመረጠው። ወፍ ይባላል። ሽማግሌዎቹም «ወፍ ነገረችን» ብለው ያልፉታል። ማንነቱን አያወጡም።

ኤፍራታ፦ እርስዎ ግን ያውቁታል። በሕይወት አለ?

ይመኑ፦ ሚስቴ ምጥ ላይ ነበረች፤ ቤቴ መግባት ፈለግሁ። ሂጂ አትጠገብን ጥሪያት፣ እሷ ፊት ልናገረው።