ኤክሰሱ የልየው ነው

በአንዲት የጎጃም ከተማ፣ በኢንሹራንስ ድርጅት ቅርንጫፍ፤ ሰማዩ ለዝናብ ጠቁሯል፤ ሞተሬ ተሰረቀብኝ ያለው ነጋዴ ልየው በካሳ ክፍል ሠራተኛዋ በወይዘሮ ውድነሽ ፊት ቆሞ ይከራከራል።

ውድነሽ፦ ክርክሩን ያዝ አድርገውና መጀመሪያ ማስታወቂያ አለኝ። «ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን በሙሉ፤ የካሳ ክፍሉ የእንግዳ ወንበር አራተኛ እግሩን በትናንትናው ዕለት በክብር ያሰናበተ በመሆኑ፣ ተቀማጮች ወደ ግራ እንዳይደገፉ በጥብቅ እናሳስባለን።» በል አሁን ተቀመጥ።

ልየው፦ እኔ ሞተሬ ጠፍቶ እትዬ ውድነሽ ስለ ወንበር ያወሩኛል። ለመሆኑ የኢንሹራንስ ወንበር ኢንሹራንስ የለውም?

ውድነሽ፦ አለው። የመጀመሪያውን እግር ግን የምንችለው እኛው ነን። ከጠዋት ጀምሮ ኤክሰስ ኤክሰስ የምልህ ይህንኑ ነው።

ልየው፦ የተሰረቅሁትም እኔ፣ የሚቀነስብኝም እኔ?

ውድነሽ፦ ኢንሹራንስ እንደ ዕድር ነው ልጄ። ድንኳን ይተክልልሃል፣ ሰው ይሰበስብልሃል፤ እንባውን ግን ራስህ ታወጣለህ። በስርቆት ከአምስት እጅ አንዱን አንተ ትችላለህ፣ አራቱን እኛ፤ ኤክሰስ የሚባለው ያንተው ድርሻ ነው። ውሉ ላይ ፈርመሃል።

ልየው፦ መቼ አነበብኩትና።

ውድነሽ፦ ሳያነብ የሚፈርም ባይኖር ይቺም ወንበር አትኖረንም ነበር።

ልየው፦ ማን ነው ግን እንዲህ ያለውን ነገር የፈለሰፈው?

ውድነሽ፦ ሰውን የሚያውቅ ሰው ነዋ። ጉዳቱን ሁሉ እኛ ከቻልንልህ በርህን አትዘጋም። ከናካቴውም ንብረቱ ሲጠፋበት ደስ የሚለው ይበዛል።

ልየው፦ እኔን ደስ ሲለኝ አዩኝ?

ውድነሽ፦ አላየሁህም። ስታዝንም አላየሁህም። የሞተሩን ሁለት ቁልፎች አምጣ።

ልየው፦ እነሆ።

ውድነሽ፦ ይቺ በኪስ ተፈትጋ አብረቅርቃለች፤ ደህና። ይቺኛዋ ግን ትናንት የተቀረጸች ትመስላለች። ከሞተሩ ጋር የተሰጠህስ የት ሄደች?

ልየው፦ ጠፋችብኝ። ቁልፍ አይጠፋም እንዴ?

ውድነሽ፦ ይጠፋል። ሞተርም ይጠፋል። ሁለቱ ተጠራርተው ሲጠፉ ነው የሚገርመኝ።

ልየው፦ እትዬ፣ ሠርጌ ደርሷል፤ ለአማቾቼ ቃል ገብቻለሁ። ይህ ከአምስት አንዱ እንዲቀርልኝ አንድ መላ ይፈልጉልኝ።

ውድነሽ፦ መላ አንድ አለ። ሌባው በስሙ ታውቆ ከተፈረደበት፣ ድርጅቱ ኪሳራውን ከሱ ያስከፍላል፤ ያንተም ድርሻ አብሮ ይመለስልሃል። አንተ ግን ስም የለህም። አይደል?

ልየው፦ ስም ቢኖረኝስ?

ውድነሽ፦ ለፖሊስ እናስተላልፋለን። ሰውየው ዛሬውኑ ይታሰራል።

ልየው፦ አያ ጫኔ ነው።

ውድነሽ፦ አያ ጫኔ? ገበያው ዳር የሰው ሞተር የሚጠብቁት ሽማግሌ?

ልየው፦ ለሱ አስረክቤ ገባሁ፤ ስወጣ ሞተርም የለ፣ መልስም የለ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?

ውድነሽ፦ እሳቸው እኮ በቅሎ ላይ እንኳ ተደግፈው ነው የሚወጡ።

ልየው፦ ሰው አስነድቶ ይሆናላ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።

ውድነሽ፦ ዝናቡ ገና ነው፤ ትንሽ አስብበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ልየው፦ አስቤበታለሁ። ይጻፉት።

ውድነሽ፦ እሺ፣ አቶ ልየው። ይቀመጡ።

ልየው፦ ምነው፣ አሁን ደግሞ አንቱ ሆንኩ?

ውድነሽ፦ ሰው የሚያሳስር ሰው አንተ አይባልም። ያለፈው እሑድ አውጫጭኙን ያስጠሩት እርስዎ ነበሩ?

ልየው፦ አዎ፣ ሽማግሌዎቹን ለምኜ። የተሰረቀ ሰው ሌላ ምን ያድርግ?

ውድነሽ፦ የተሰረቀ ሰው መጥራቱ የአባት ነው። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ዋርካው ሥር ይቀመጣል፤ ሁሉም በተራው ወደ ሽማግሌዎቹ ጠጋ ብሎ ያየ የሰማውን በጆሯቸው ሹክ ይላል። ሹክ ያለው ሰው ወፍ ይባላል፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ ነገረን» ይላሉ እንጂ ስሙን ቢሞቱ አያወጡም። እርስዎ ይህን ሁሉ እያወቁ ጠሩት። ድፍረትዎ ደንቆኝ ነው።

ልየው፦ ምን ድፍረት አለው? ማንም ምንም አላለም። «ለሚመጣው እሑድ» ብለው በተኑን።

ውድነሽ፦ የተበተነው ወንዱ ነው። ሽማግሌዎቹ እዚያው ተቀምጠው ነበር። ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ አንዲት ወፍ መጣች አሉኝ።

ልየው፦ ምን አለች?

ውድነሽ፦ ስለ ላም ነገረቻቸው።

ልየው፦ ላም?

ውድነሽ፦ በእህትዎ ባል ግቢ ያለችው ቀይ ላም። ገለባ አልበላ ብላለች። ቡዳ በላት ተባለ፣ ጠበል ተረጨች፤ አሁንም እምቢ። የከብት ሐኪም መጥቶ ምላሷን አየ፣ ሆዷን ዳሰሰ፤ ምንም የለባት። ሲቸግረው ገለባውን አሸተተው። ቤንዚን ቤንዚን ይላል።

ልየው፦ ገለባው የመጣው በአይሱዙ ነው። ከመኪናው ነው የሚሆነው።

ውድነሽ፦ አይሱዙ የሚሄደው በናፍጣ ነው፣ አቶ ልየው።

ልየው፦ እንግዲያው ሐኪሙ አሽትቶ ተሳስቷል።

ውድነሽ፦ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ይባላል። ይቺ ላም ግን አየችው።

ልየው፦ ይተዉት በቃ። ካሳውም ይቅር፣ ጥያቄዬን አንስቻለሁ። የአያ ጫኔንም ስም ይሰርዙት።

ውድነሽ፦ መቼ ጻፍኩትና ልሰርዘው። ብዕሬን አላነሳሁም።

ልየው፦ ተመስገን። እንግዲያው ማንም አልሰማ።

ውድነሽ፦ ይህ ግድግዳ ችፑድ ነው። ከጀርባው የጓሮው በረንዳ ነው። ሽማግሌዎቹ ሰማዩ ጠቆረብን ብለው ከርስዎ በፊት መጥተው ተጠልለዋል፤ አያ ጫኔም መሐላቸው ናቸው። ከመጡ ጀምሮ አንድም ሳል አልሰማሁም።

ልየው፦ ምን ሊያደርጉኝ ነው?

ውድነሽ፦ እኔ ምን አውቄ። የአያቴ አገር ሰው በሐሰት ሰው የከሰሰውን እሳት አያጫጭሩትም፣ ሠርጉን አይበሉለትም፣ ሲሞትም ቃሬዛውን አይሸከሙለትም ነበር። ዘንድሮ እንዴት እንደሚያደርጉ እነሱን ይጠይቁ።

ልየው፦ ድርጅቱ... እናንተ ከመሐል ገብታችሁ አንድ ነገር ብትሉልኝ?

ውድነሽ፦ ድርጅቱ የሚችለው የሞተሩን ነበር። ይህኛው ከአምስት አንድ ብሎ ነገር የለውም፤ ሙሉው ኤክሰስ ነው። ወደ ግራ አይደገፉ፤ ይወድቃሉ።

ልየው፦ ቆይ እስቲ። ሞተሩ ከገለባው ሥር መሆኑን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ነን። እኔ፣ የእህቴ ባል፣ እና... ወንዱ ከሄደ በኋላ ነው የመጣችው አሉኝ። ሴት አውጫጭኝ አትቀመጥም። እትዬ ውድነሽ፣ በእናትዎ። ወፏ እህቴ ናት?

ውድነሽ፦ ዝናቡ ጀመረ። በረንዳው ላይ እየጠበቁዎት ነው፤ ይውጡ። እሱን ግን አልናገርም።