የኮናዱ እናት ቅዳሜ

«ሰርዋ እቴ፣ ዝናቡ እንኳን አዘነልን። ወንበር ሳቢና ተቀመጪ... አይ፣ ወዲህ በኩል፤ ከኋላዬ ያሉት ትልቅ ሰው ነፋስ እንዳያጡ።»

ኮናዱ ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። እናቷ የተቀበረችው ዛሬ ጠዋት ነው። በዚህ በጋናዋ ኩማሲ ከተማ ዳርቻ የለቅሶ ሜዳው ቅዳሜ ካልተያዘ ቀብር የለም፤ ቀኑን በኮምፒውተር የሚመዘግቡት ሹም ደግሞ ከጀርባዋ ተቀምጠው ሩዛቸውን ይበላሉ።

«የጆሎፉ ሩዝ ጨው በዛበት እንዴ? እንኳን ቀመስሽ... እኔ ኮምፒውተር ከባድ ነገር ይመስለኝ ነበር እኮ። ቀን ላስይዝ በየሳምንቱ ስሄድ፣ አንድ ደግ ሰው አሉ፣ ‹ሲስተም የለም› ይሉኛል። እንዴት ያለ ትዕግሥት! አንድም ቀን ተቆጥተውኝ አያውቁም። የጂን አረቄ ጠርሙስ የያዘ ሰው ሲገባ ግን ሲስተሙ በራሱ ይነቃል... መቼም ሽማግሌ ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፣ ወጋችን ነው። ኮምፒውተሩም ወግ ያውቅ ኖሯል። ማን አስተማረው ይሆን?

«እናቴ እዚያ ሬሳ ማቆያው በረዶ ውስጥ ተኝታ... ተዪው፣ ዛሬ አላለቅስም ብያለሁ።

«አሁን ያንኑ ፕሮግራም በስልክ አደረጉት አይደል? ያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ሳጥን ቀርቶ በቃ በቋንቋችን በትዊ ታወሪዋለሽ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው አሉኝ። ሰው ሠራሹ እንዲህ ከሆነ የተፈጥሮው... እሱንማ አይተነዋል። ካሳቫ እየላጥኩ ‹እናቴን መቅበር ፈልጌ ነበር› አልኩት። መጀመሪያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ነፍስ ይማር።› ከዚያ ስሟን ጠየቀኝ፣ ቅዳሜዬን ሰጠኝ። ጠርሙሱን የት እንደማስቀምጥለት ግራ ገባኝ እኮ!

«ሞኝ ነኝና፣ ‹ያለፉት ቅዳሜዎችስ ለምን ተያዙብኝ?› አልኩት። ምን ይለኛል? ‹ብዙዎቹ ክፍት ነበሩ፤ በእናትዎ ስም የገባ ጥያቄ የለም።›

«መቼም ማሽን ነው፣ ተሳስቶ ይሆናል... እንዲያ ያለ የተማረ ሰው ዘንግቶ ነው አይባል። ተጠንቅቀው ነው እንጂ! እናቴን የመሰለች ሴት ላይ ተቻኩሎ አፈር አይመለስባት ብለው ነው። እንዲህ የሚያስብ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? ቅር እንዳይለኝ ብለው ደግሞ ለቅሶ ደረሱኝ።

«እኔ ክፉ አልመኝም። አሜን በይ፣ ሰርዋ። እግዜር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ቀናቸው ሲደርስ ደግሞ ልጆቻቸው ከስልክ ጋር አይንከራተቱ፤ ልክ እንደሳቸው ያለ ጠንቃቃ፣ የማይቸኩል ሰው ይግጠማቸው።»