ሶያማና የመርፌው ቁስል

በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን ነው። ከሰበታ ወደማስተምርበት ተፍኪ ስሄድ የጅማ መንገድ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቶ ሚኒባሱ ከሰበታ ዳር አወረደን። አብረውኝ የወረዱት ጎረቤቴ ኦቦ ደቻሳና ልጃቸው ሶያማ ነበሩ። የልጅቱ ዓይኖች ደም መስለዋል፤ ክንዷ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጥግ ይዘን ስንቆም የኦቦ ደቻሳ የእኅት ልጅ ላሊሴ አገኘችን። ከጤና ኮሌጅ ገና መመረቋ ነው።

«አጎቴ፣ ደኅና ነዎት? ሶያማ ምን ሆና ነው?»

«ጤና ጣቢያ መርፌ ወግተው መረዙብኝ! በማግስቱ መግል ቋጠረ። በምላጭ ባስበጣት ባሰባት። አሁንም ወደ በጪው እየወሰድኳት ነው።»

«ይቅር ይበሉኝና አጎቴ፣ ምላጩ ይብቃ።»

«አንቺስ የማን ወገን ነሽ? መሬታችንን በካርታ ሊወስዱ፣ ልጆቻችንን በመርፌ ሊጨርሱ!»

«በመሬቱ እውነትዎን ነው፤ በመርፌው ግን ተሳስተዋል።» ወደ ሶያማ ዞረች። «እሾህ ሲወጋሽስ?»

ሶያማ አባቷን ፈራ ተባ እያለች አየቻቸው። «አጥር ስናጥር የወጋኝም እንዲሁ መገለ። አፌም ውስጥ ቁስል ይመላለስብኛል።»

«እሾኹንስ ማን መረዘው፣ አጎቴ?»

ኦቦ ደቻሳ በጨርቅ የተጠቀለለውን ክንዷን ትኩር ብለው አዩ። እኔም አልፈረድኩባቸውም፤ ደጋግሞ ለተከዳ ሰው መድኃኒትም ወጥመድ ይመስለዋል።

ላሊሴ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰውነቷ ትንሽ ጭረት ሲነካው ከልኩ በላይ ይቆጣል። በተበጣ ቁጥር ቁስሉ ይሰፋል። ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት አለ፤ መርፌ ከመወጋቷ በፊትም ለሐኪሙ መንገር ነው። እኔን ያስፈራኝ ግን ከክንዷ ይልቅ ዓይኗ ነው። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።»

«በየት በኩል?» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ ጭሱ እያመለከቱ። ልባቸው ተመልሶ ነበር፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውም መንገድ ግን ተዘግቷል።

መንገዱ ሲከፈት ይዘናት ሄድን። ሐኪሙ ቆዳን፣ አፍንና ዓይንን አብሮ የሚያስቆጣው ይህ ሕመም ቤሼት እንደሚባል ነግሮን፣ «ምነው ቀደም ብትሉ!» አለ። የግራ ዓይኗ ብርሃን ጠፍቷል። ቀኙን መድኃኒቱ አተረፈው፤ የክንዷም ቁስል ያለ ምላጭ ደረቀ። ኦቦ ደቻሳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው፣ «ያን ሁሉ ጊዜ በምላጭ ፈጀሁት» አሉ።

ሶያማ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትማራለች። አባቷም ጎረቤት በተሰበሰበ ቁጥር፣ «ጭረት የሚመግልበት፣ አፉ የሚቆስል፣ ዓይኑ የሚቀላ ልጅ ያላችሁ አታስበጡ፤ ፈጥናችሁ ሐኪም አሳዩ» እያሉ ይመክራሉ። ልጃቸው አጠገብ ሲቀመጡ ሁልጊዜ በቀኟ በኩል ነው። በግራዋ ከሆኑ አታያቸውም።