ስማቸው ሳይመለስላቸው ያረፉት ወይዘሮ ፋን ሹዪን

ክቡራን ኀዘንተኞች፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ እኅቴን ለመሸኘት የተሰበሰባችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች ሁሉ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ፋን ጂያፉ ይህን ዜና ሕይወት የማነበው በራሳቸው ትእዛዝ ነው። «ሳታሳጥር፣ ሳታለሳልስ አንብብ» ብለውኛልና ቅር የሚለው ሰው ቢኖር ራሱን ይጠይቅ።

ወይዘሮ ፋን ሹዪን ከአባታቸው ከአቶ ፋን ደሹን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጓን ዩሜይ በሲንጁ አጠገብ ባለችው በጁዶንግ ከተማ፣ ዓመታት በእንስሳት ስም በሚጠሩበት በእኛ አቆጣጠር በበሬው ዓመት፣ በጸደይ ወራት ተወለዱ። አባታችን እንደ ክር የቀጠነ የሩዝ ኑድል ሠርተው፣ በቀርከሃ ቆጥ ላይ ዘርግተው በሲንጁ ነፋስ እያደረቁ የሚሸጡ ሰው ስለነበሩ፣ እኅቴም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አንዱ ክር በሌላው ላይ እንዳይደራረብ ሲያስተካክሉ አደጉ፤ የተጣመመ ነገር ሲያዩ እጃቸው አያርፍም ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት እንደደረሰ በትውልድ ከተማቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን ተከታትለው፣ ከዚያም የሙያ ትምህርት ቤት ገብተው ኤሌክትሮኒክስ ሲመርጡ አባታችን «ሴት ልጅ ሽቦ ተምራ የማንን ቤት ልታበራ ነው?» ብለው ቢያላግጡም፣ የእኅቴን የመጀመሪያ ደመወዝ ካዩ በኋላ ያንን ቀልድ ደግመው አላነሡትም።

ትምህርታቸውንም እንዳጠናቀቁ አቶ ዙኦ ጓንግሃን በሲንጁ ባቋቋሙት የሰርኪዩት ቦርድ ንድፍ ድርጅት ተቀጥረው የላይብረሪው ኃላፊ ሆኑ። ሥራውን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ነዳፊዎች በኮምፒውተር ላይ ቦርድ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የሚገጠሙበትን ሰሌዳ፣ ሲነድፉ እያንዳንዱን ዕቃ እንደ አዲስ አይስሉም፤ የዕቃውን ምልክትና ዕቃው በቦርዱ ላይ የብረት እግሮቹን የሚተክልበትን መቀመጫ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠበት ከአንድ የጋራ ላይብረሪ ያወጣሉ። እዚያ ውስጥ አንድ መቀመጫ ከተበላሸ፣ እሱን አምኖ ያወጣ ሰው ሥራ ሁሉ አብሮ ይበላሻል። ስለዚህም ወይዘሮ ሹዪን አዲስ መቀመጫ በመጣ ቁጥር በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትመው፣ ዕቃውን ራሱን ከወረቀቱ ላይ አስቀምጠው፣ እግር በእግር ሳያመሳክሩ ወደ ላይብረሪው አያስገቡም ነበር። ወጣቶቹ ነዳፊዎች «እትዬ ሹዪን፣ ደግሞ ዛሬ የማንን እግር እየለኩ ነው? ጫማ ሊገዙለት ነው እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱባቸው፣ «ያንተን ምላስ የምለካበት ወረቀት ቢጠፋኝ ነው!» ብለው ይመልሱ ነበር።

ከአውቶቡስ ሹፌሩ ከአቶ ሉ ዌንቻይ ጋርም በሕግ ተጋብተው፣ በፍቅርና በመከባበር እየኖሩ ሴት ልጃቸውን ሉ ፒንሩን አፈሩ።

እናታችን ወይዘሮ ዩሜይ ባረፉ ጊዜ እኅቴ ለልቅሶ ከሥራ ርቀው ሳለ፣ አንድ ደንበኛ ቢያስቸኩላቸው አቶ ዙኦ የአንድን አዲስ ዕቃ መቀመጫ በገዛ እጃቸው ስለው፣ በወረቀት ሳይፈትኑ ላይብረሪው ውስጥ አስገቡት። የዕቃው አምራች ፋብሪካ ሥዕል ዕቃውን በሆዱ በኩል የሚያሳይ ሲሆን እሳቸው በጀርባው በኩል መስሏቸው ሳይገለብጡ እንዳለ ስለሳሉት፣ የግራው እግር በቀኝ፣ የቀኙም በግራ ሆነ። ቦርዶቹም ተሠርተው መብራት በተለቀቀባቸው ጊዜ በደንበኛው ዓይን ፊት ጨሱ። አቶ ዙኦ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ገና ከልቅሶ የተመለሱትን እኅቴን፣ በልማዳችን ለሟች የሚታሰረው የኀዘን ክር ከፀጉራቸው ሳይወልቅ፣ በሠራተኛውና በደንበኛው ፊት አቁመው «ላይብረሪው የእሷ ነው፤ ጥፋቱም የእሷ ነው!» አሉ። እኅቴም «ጋሼ ዙኦ፣ ይህን ማን እንደሳለው እርስዎም ያውቃሉ፣ እዚህ ያለውም ሰው ያውቃል» ቢሏቸው «ዝም በይ! በእናትሽ ሞት ልታመካኚ ነው?» ብለው አባረሯቸው። ሲስሉ በዓይኑ ካያቸው ሰው ሁሉ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። እናንተ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን የምታሸሹ፣ አዎ፣ እናንተን ነው የምለው።

ከዚያ በኋላ «ቦርድ አቃጣይዋ» የሚል ስም ወጥቶላቸው የሚቀጥራቸው ጠፋ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ እኅቴ በቤታቸው አንዲት ክፍል ውስጥ ሥራ ጀምረው፣ ለሌሎች ድርጅቶች ላይብረሪ እያዘጋጁ፣ የአቶ ዙኦን ደንበኞች አንድ በአንድ ወሰዱባቸው። ሆን ብለው ነው የወሰዱባቸው፤ ምን ይደበቃል! የአቶ ዙኦ ላይብረሪ ጠባቂ አጥቶ ስሕተት በስሕተት ላይ ሲከመርበት፣ «ኧረ ተመለሺልን» የሚል መልእክተኛ ቢልኩባቸው፣ «ልቅሶዬ ገና አላለቀም በሏቸው» ብለው በሩን ዘጉበት። በዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አብረን ዳክዬ በላን፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን በጉበት ሕመም ተይዘው በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። አቶ ዙኦም የፍራፍሬ ቅርጫት ይዘው ወደ ሆስፒታሉ መጡና፣ ከአልጋቸው አጠገብ ጎንበስ ብለው «ሹዪን፣ የሳልኩት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አሏቸው። እኅቴም «ያዋረዱኝ በሰው ፊት ነው፤ ለምን በጆሮዬ ሹክ ይሉኛል? በሰው ፊት ይናገሩት» ሲሏቸው፣ «ሲሻልሽ ሰው እሰበስባለሁ» አሉ። እኅቴ ሳቁ። «አይድከሙ፣ እኔ እሰበስብልዎታለሁ» አሏቸውና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በዚያው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ወይዘሮ ፋን ሹዪን ባለቤታቸውን አቶ ሉ ዌንቻይን፣ ልጃቸውን ሉ ፒንሩን፣ አንዲት የልጅ ልጅና እኔን ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸው ከአባቶቻችንና ከእናታችን ጋር በሰላም ትረፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።

ከዚህ ቀጥሎ እንደ ልማዳችን ድርጅቶች በየስማቸው እየተጠሩ ዕጣን ያቀርባሉ። እኅቴ ያዘዙት ግን የአቶ ዙኦ ድርጅት አስቀድሞ እንዲጠራ፣ እሳቸው ቀርበው ያንን በሆስፒታል ሹክ ያሉትን ቃል በሁላችሁ ፊት ካልተናገሩ በቀር ዕጣኑ በእጃቸው እንዳይሰጥ፣ የላኩትም የአበባ ጉንጉን ከአዳራሹ ተነሥቶ ከበር ውጭ እንዲጣል ነው። ጉንጉኑን የሚያወጡት ሁለት ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

ጋሼ ዙኦ፣ ይነሡ። ማይክራፎኑን ይዤልዎታለሁ።