የመበለቲቱ ላባ

«መጽሐፍ አንገት ደፍተው ስለተቀመጡ ብቻ አይነበብም፤ አስተያየት ይፈልጋል። አንቺ ደግሞ፣ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥሽ ልጅ፣ አስተያየት ከየት ታመጫለሽ?»

ይህን ያለቻት የባሏ ታላቅ እህት ናት፤ ገና ሙሽራ ሳለች፣ ጓዟን እንኳ ፈትታ ሳትጨርስ። ሙሽራዋም አንገቷን ደፋች። መጽሐፉ እዚያው ጭኗ ላይ ነበርና፣ አንዴ ከደፋች አይቀር ብላ ማንበቧን ቀጠለች።

ያቺ ሙሽራ ዛሬ የአንዲት ሕፃን እናት ናት። ከባሏ እህት ጋር ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱን ቤቶች የሚለያቸው አንድ ስስ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው። በዚህ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ ፀጉር ቤት ተገናኝተዋል። እናቲቱ የተኛች ልጇን ታቅፋ ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጣለች። ከጎኗ የባሏ እህት ራሷን በቢጉዲን አስጠቅልላ፣ እንደ ወፍጮ የሚጮኸው ማድረቂያ ካስክ ውስጥ ገብታለች። ጭኗ ላይ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አለ፤ መጽሐፉ ላይ የጥፍር ቀለም ጠርሙስ አለ፤ ጥፍሮቿም እንዲደርቁ ተዘርግተዋል።

እናቲቱ መጽሐፉን በመስተዋት ውስጥ አንዴ አየችው። ከዚያ ለፀጉር ሠሪዋ ወሬ ጀመረች። ፀጉር ሠሪዋ ደነቃት፤ ይህች ሴት ወንበሩ ላይ ከወጣች እስክትወርድ ‹ቀስ በይ› ከማለት ሌላ ቃል ወጥቷት አያውቅም።

«ዛሬስ ፀሐዩ ደስ ይላል... አይደል? ልብስ ያደርቃል። አንቺ፣ ማበጠሪያሽ አዲስ ነው እንዴ? ያምራል። እዚያ ጋ ብቻ ቀስ በይ። ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ተመስገን ነው።

«እኔማ ምን አለኝ... ማጥባትና ማንበብ። ልጅ ጡት ስትይዝ አንድ እጅ ይተርፋል፤ ለመጽሐፍ ደግሞ አንድ እጅ ይበቃል። ሰሞኑን አንድ ሐኪም ስለ እንቅልፍ የጻፈውን ጀምሬልሽ ነበር። ጥሩ መጽሐፍ ይመስለኛል፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ስለሚወስደኝ እስካሁን አላረጋገጥኩም። እንዲህ ቃሉን የሚጠብቅ ጸሐፊ አይቼ አላውቅም! ሌላም አለ፣ አንድ ተራራ ወጪ ስለ ራሱ የጻፈው። በየገጹ ይወጣል፣ በየገጹ ራሱን ያመሰግናል። መውረዱን ግን የትም አልጻፈውም። እዚያው ቀርቶ ይሆን? አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው መቼም... አንዴ ከወጣ ማን ያወርደዋል?

«ልብ ወለዱ ነው እንጂ የገደለኝ! ሁለት ክፍል ነው። አንድ ጀልባ ነጂ አለ፣ አንዲት መበለት አለች። ጠዋት ወንዙን ያሻግራታል፣ ማታ ይመልሳታል፤ አንድ ቃል አይተነፍስም። መጽሐፉን ሙሉ! መጨረሻው ላይ ወንዙ መሃል ጀልባውን አቆመ፣ መቅዘፊያውን አስቀመጠ፣ ወደ እሷ ዞሮ አፉን ከፈተ... ‹ክፍል አንድ ተፈጸመ›። እንዲህ ይደረጋል? አፉን እንደከፈተ ጥሎኝ ሄደ እኮ! ሽንኩርት ስከትፍ ‹ምን ብሏት ይሆን?›፣ ልጅ ሳጥብ ‹ምን ብሏት ይሆን?›። ባሌ አፉን ሲከፍት እንኳ ልቤ ድንግጥ ይላል... እሱ የሚለው ግን ‹ጨው አቀብይኝ› ነው።

«ክፍል ሁለት አንዲት ፍሬ መጥታ መጽሐፍ አከራዩ ጋ ነበረች። እሱን ታውቂው የለ? እሑድ እሑድ ሱቁ ውስጥ አግዳሚ ዘርግቶ ‹ያነበባችሁትን ተናገሩ› ይላል፤ ከሁሉ ይበልጥ ለማረከው ሰው አዲስ የገባውን መጽሐፍ በነጻ ያስነብባል። እኔማ ጥግ ይዤ ነው የምሰማው። ልጅ ታቅፌ ምን ልናገር?

«እዚያ ግን... አንዲት የማከብራቸው ሴት አሉ። ስም ምን ያደርጋል? ጥሩ ሰው በሥራው ይታወቃል። ውይ፣ አስተያየት ሲሰጡ ብታያቸው! የዛሬ ሁለት ሳምንት ብድግ አሉና ‹የዚህ ሰው ዝምታ ዐይን አፋርነት አይደለም፤ ከተናገርኩ ወንዙ ያልቅብኛል ብሎ ነው› አሉ። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ። እንዴት አላጨበጭብ? ማታ ለልጄ ያልኳት ነዋ! ቃል በቃል! ‹ሚሚዬ› የምትለዋ ብቻ ናት የጎደለችው። እንዴት ያለ መገጣጠም ነው? እኔ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ ሆኜ አስባለሁ፣ እርሳቸው ከኮምፔርሳቶው... ማለቴ፣ የትም ይሁኑ የት፣ ያንኑ ያስባሉ። ልብ ለልብ መገናኘት ማለት ይኼ አይደል? ‹የሰው ወርቅ አያደምቅ› ያለው ሰው እርሳቸውን አላየማ! ያደምቃል እንጂ፣ ያውም እንዴት አድርጎ!

«ደግሞ መጽሐፍ አያያዛቸው! ተከራይተው ሲመልሱ ልክ እንደወሰዱት ነው፤ ገጹ አልታጠፈ፣ ጣት አልነካው፣ ሲታተሙ የተጣበቁት ገጾች እንኳ አልተላቀቁ። አከራዩ ‹እንደ እርሳቸው መጽሐፍ የሚጠነቀቅ የለኝም› ይላል። እውነቱን ነው። እኔ ያነበብኩት ወተት ጠብ ብሎበት፣ ጠርዙን ልጅ አኝካው፣ ውሾች የተጣሉበት መስሎ ነው የሚመለሰው። ንጽሕና አልተሰጠኝም።

«ታዲያ ባለፈው ሳምንት ልጄን ጉንፋን ያዛትና እንቅልፍ እምቢ አለች። ልብ ወለዱን ደግሜ ሳነብላት ታለቅሳለች። ባሌ ደግሞ ‹ጫጩት እናርባ› ብሎ ያመጣው የዶሮ እርባታ መጽሐፍ አለ። እሱን ስገልጥ፣ ‹መንቁር› ስል፣ ፍርፍር ብላ ትስቃለች! ምን ላድርግ? አንድ ገጽ ከጀልባው ለራሴ፣ አንድ ገጽ ከዶሮው ለእሷ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ... አሁን ይህን ለምን አነሣሁት? እንጃ። ወሬ ወሬን ያነሣዋል።

«ብቻ እሑድ ደረሰ። እኚያ የማከብራቸው ሴት ተነሡ። መነጽራቸውን ወልውለው አደረጉ። ‹መበለቲቱን ብርድ በመታት ጊዜ› አሉ፣ ‹ጀልባ ነጂው አንድ ቃል ሳይናገር ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ገለባ ጎዘጎዘላት።› ‹አምፖል አበራላት፤ ጠዋትና ማታ ውኃዋን ቀየረላት› አሉ። ሰው አንገቱን እየነቀነቀ ነው። ‹ላባዋ ሲረግፍ እንኳ አልተጠየፋትም› ሲሉ ልብስ ሰፊዋ መሐረብ አወጣች፤ ‹እንዲህ ያለ ወንድ ዛሬ የት ይገኛል?› አለች። ‹ሌሎቹን እንዳትነቁር መንቁሯን ቀስ አድርጎ ከረከመላት። ይኼ ነው ፍቅር!› አሉ። ‹እንቁላል መጣል የጀመረች ዕለት ግን...› ብለው መጨረስ አቃታቸው። አለቀሱ! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። አከራዩም፣ ያከራያል እንጂ አያነብ፣ አፍንጫውን ተናፍጦ ክፍል ሁለትን በሁለት እጁ አስረከባቸው።»

በዚህ መሃል ካስኩ ጠቅ አለና ጸጥ አለ።

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን አየር ላይ እንደያዘች ቀረች። ደንበኛ ሰዓቷ ሲያልቅ ራሷን ታወጣለች፤ ወጉ ነው። የባሏ እህት ግን አላወጣችም። እንዲያውም ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ አለች። ዝም ባለው ካስክ ውስጥ፣ ሞቃት አየር እንደሚነፍስባት ሁሉ ዐይኗን ጨፍና ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እናቲቱ በመስተዋት አየቻት። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፤ ልጇን ወደ ሌላኛው ክንዷ አዛወረችና፣ አሁን ደግሞ ማር ማር በሚል ድምፅ ቀጠለች።

«ምን ልል ነበር? አዎ፣ ልብስ ሰፊዋ! በማግስቱ ክፍል አንድን ከእኔ ተዋሰች። ሦስት ቀን አልቆየችም፣ ዐይኗ ቀልቶ መጣች። ‹አንቺ፣ እንቁላሉ የት ጋ ነው?› ትለኛለች። ምን ልበላት? ‹ለሁሉ ሰው አይገለጥም› አልኳት። እኔ የሰው ክብር አልነካም... ታውቂኛለሽ።

«‹ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ› ይላሉ። እርሳቸው ግን ምን ጭረው? ቁጭ እንዳሉ ነው የመጣላቸው! ‹ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው› የሚባለውም ለእኔና ለአንቺ ብጤ ነው። የእርሳቸው ጆሮ ዘመድ ነው፤ አንብቦ ያስረዳቸዋል።

«አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል... ለእርሳቸው ብዬ ነው እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ? ነገ እሑድ ነው። ስለ ክፍል ሁለት መናገራቸው አይቀርም። ክፍል ሁለት ደግሞ እርሳቸው ጋ ነው ያለው። እኔ አላየሁት፣ ልጄ አልሰማችው። ታዲያ በምን በኩል... ማለቴ፣ በምን ጊዜያቸው ያነቡታል? የሥራ ሰው ናቸው። እኔ ቤት አሁን የቀረው መጽሐፍ ስለ ድንች በሽታ ነው። ባሌ ዶሮውን ትቶ ‹ድንች ነው የሚያዋጣው› ብሏል፤ ዛሬ ማታ እሱን ነው የማነበው፣ ሌላ ከየት አመጣለሁ? ኧረ እኔስ ፈራሁ! ያ ምስኪን ጀልባ ነጂ ያን ያህል ዘመን ዝም ብሎ ዝም ብሎ፣ ነገ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አፉን ከፍቶ ‹ሥርሽ በስብሷል፣ መድኃኒት ልርጭብሽ› ቢላት... ለመበለቲቱ ክብር ነው? በይ አንቺው ፍረጂ!»

ከካስኩ ሥር አንድ እጅ ወጣ። ጥፍሮቹ ገና አልደረቁም። የቀለሙን ጠርሙስ አነሣ፣ አስቀመጠ። ወፍራሙን መጽሐፍ አነሣና እናቲቱ ጉልበት ላይ፣ ከሕፃኗ እግር አጠገብ፣ ቀስ ብሎ አሳረፈው። ከዚያ ተመልሶ ገባ። ሽፋኑ ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ተለቅልቆ ቀርቷል፤ የእጁ ባለቤት መጽሐፍ ላይ ምልክት ስትተው ይኼ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም።

«ውይ! እዪልኝማ! እኔ ስለ መጽሐፍ መች አነሣሁ? ደግ ሰው ሳይለምኑት ይሰጣል ማለት ይኼ ነው። ይህቺ እኮ የባሌ እህት ናት! ስለ እሷ አውርቼሽ አላውቅም? ምን አወራለሁ፤ ክፉ ቃል ወጥቶኝ አያውቅም፣ አሁንም አልወጣኝም። የማወራልሽ ስለ ሌላ ሴት ነው።

«እኚያን ሴትም እግዜር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ጉሮሯቸውን አያድርቅ። ጆሯቸውን እንደ በር ያስፋላቸው። አስተያየት ከየትም ከየትም አምጥቶ ይሙላላቸው። ለዐይናቸውማ ምን ብዬ ልመርቅ... እንደተፈጠረ ነው ያለው፣ ምንም አልተነካ፤ ለልጅ ልጅ ይተርፋል! አሜን በይ እንጂ!»

ፀጉር ሠሪዋ ከንፈሯን ነከሰች፤ እጇን ሰድዳም ካስኩን እንደገና አበራችው።

እናቲቱ ቤቷ ስትገባ ሕፃኗ ነቅታ ነበር። አልጋዋ ላይ አጋደመቻት። የሕፃኗ አልጋ ኮምፔርሳቶውን ተጠግቶ ነው የተዘረጋው፤ ጎትታ ወደ ወዲያኛው ግድግዳ ልታዞረው እግሩን ያዘች። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ በር ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማች። ቀጥሎ ወንበር ሲጎተት... ቀስ፣ ቀስ፣ ቀረብ፣ ቀረብ... ከዚያ ጭጭ።

አልጋውን ለቀቀችው። ተቀመጠች፤ ክፍል ሁለትን ገለጠች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከዚያ ኮምፔርሳቶውን በጣቷ ኳ ኳ አደረገችና፣

«ይኼ ልብ ወለዱ ነው» አለች። «ድንቹ ማታ ነው።»